ከአምና የዞረ

ገንዘብ ያዥ ነኝ እኔ፣ የሰፈር ኮሚቴ፣
ዱቄት የለበሰ ደብተር ነው ርስቴ።
ቀን ወፍጮ ቤት ሆኜ ኪሎ እየመዘንኩ፣
ማታ የድልድዩን መዋጮ መዘገብኩ።

ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣልን፤
ማኅተሙ ክብ ነው፣ ቃሉ ደስ አሰኘን፦
«ሠላሳ በመቶ ከእናንተ ከሞላ፣
ሰባው በእኛ በኩል ይለቀቃል ኋላ።»
«ኋላ» የምትለዋን ያኔ አላሰመርኩም፤
በሁለት ፊደል ውስጥ ሁለት ዓመት አላየሁም።

ራውዳ፣ ከሂርማታ አቮካዶ ሻጭ፣ መቶ ሃምሳ ብር፤
ሃምሳዋ ተቀዳ፣ ተጣብቃ በፕላስተር።
አባ ሚልኪ ደግሞ «ጥሬው የለም» አሉኝ፤
ከጓሮ ወስደው ሦስት ባሕር ዛፍ አሳዩኝ።
«እነዚህን ጻፊ።»
ጻፍኩ። በብር ዓምድ ውስጥ፣ ዛፍ።

ዳልኬ ተሸካሚው፣ ከዳውሮ የመጣ፣
በእጁ ምንም የለው፣ በጀርባው አዋጣ፦
«የሦስት ቀን ቁፋሮ» ብዬ አሰፈርኩለት፤
ፊርማው አውራ ጣት ነው፣ ቀለም ነክሬለት።
ነጂብ ባለ ባጃጁ አምስት መቶ ሰጠ፤
ሳምንት ሳይሞላው ጎማው ፈነዳና ሐሳቡን ለወጠ።
ሁለት መቶ መለስኩ። ያም ተጽፏል፣ በቀይ።

ወንዟ ስም የላትም። ለአዌቱ ነው የምትገብረው።
በጋ ላይ ለጫጩት እንኳን አታስፈራ፤
ክረምት ግን በግ ትወስዳለች፣ ከገመዱ ጋራ።
አምና የሸምሲያን ልጅ ከነቦርሳው ወሰደች፤
ልጁን መለሰችው፣ ደብተሩን ብቻዋን አነበበች።

ብራችን ባንክ ተኛ፣ ሲሚንቶው ተነሣ፤
ሃያ ኩንታል የሚገዛው ለዘጠኝ እጅ ነሣ።
ግንቦት ሃያ ምናምን ስልኬ ጮኸ፦ «ጸደቀ!»
ሰፈሩ በሙሉ ከወንዝ ዳር ፈለቀ።
መጀመሪያ የተተከለው ታፔላው ነበረ፤
ስም፣ ወጪ፣ አማካሪ፣ በሦስት ቀለም አማረ።
ቀጥሎ ኢንጂነሩ በሜትሩ ለካ፤
ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ እሱም በራሱ ለካ።
የጅማ ዝናብ ደግሞ የበጀት ዓመት አያውቅም፤
ሙላ ቢሉት ጉድጓዱን እንጂ ፎርሙን አይሞላም።

አንድ ምሰሶ ቆመ። በወዲህኛው ዳር። አንድ።

ሰኔ ሠላሳ ዋለ። ያውም ሰኞ ዋለ።
ሰኔና ሰኞ ተረት መስሎኝ፣ ለካ እንዲህም አለ!
የፋይናንስ ኮሪደር፣ አግዳሚው ጠበበ፤
ጤና ጣቢያው፣ ቦዩ፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት፣
ሁሉም ፎልደር ይዞ ተሰበሰበ።
እኩለ ሌሊት ላይ ሣጥኑ ይዘጋል፤
ያልዋለ ብር ሁሉ ተመላሽ ይባላል።
መብራት ሄደ። የሒሳብ ሹሟ ዘነቡ
በስልኳ ብርሃን ፈረመች፣ ፈረመች፤
የእኛ ወረቀት ላይ ስትደርስ ቀና አለች።
«የርክክብ ሰነዱስ?»
ርክክብ? የምን ርክክብ?
ወንዙ ነው የተረከበው፣ እኔ ምን ላቅርብ?
አልተቆጣችም። ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ከረሜላ ሰጠችኝ።
«ነገ ሐምሌ አንድ ነው» አለች፣ «እንደ አዲስ ጠይቁ።»

ጠዋት አባ ሚልኪ ከነመጥረቢያቸው ደረሱ፤
ማንንም አልጠየቁ፣ ወደ ጓሮ ገሰገሱ።
ሦስቱን ግንድ ዳልኬ ተሸክሞ አወረደ፤
ዝናቡ በጀርባው እንደ ቦይ ወረደ።
አንዱ ጫፍ በመንግሥት ምሰሶ ላይ አረፈ፤
ሌላው ከወዲያ ማዶ ጭቃውን አቀፈ።
ልጆቹ ተሻገሩ። ግንዱ ይወዛወዛል፤
ታፔላው ግን ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ይነበባል።

እኔም አዲስ ገጽ ገለጥኩ፣ ዱቄቱን ነፋሁት፤
ከላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦

ከአምና የዞረ፦
ምሰሶ፣ አንድ።
ባሕር ዛፍ፣ ሦስት፤ ወጪ ሆኗል።
የዳልኬ ሦስት ቀን፤ አራት ሆኗል።
ነጂብ ሁለት መቶውን መልሷል።
ማንም ሳይጠይቀው።